እንደ ልጃችን፤ ከኩልመስክ ላሊበላ ደርሶ መልስ

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ

ከኩልመስክ የተነሣነው ጭጋጉ ከገብሱ ማሳ ሳይገፈፍ ነው። መኪናው እህል የጫነ ኤንትሬ ነው። ጋቢና ሦስት ብር፣ ጭነቱ ላይ አንድ ብር ያስከፍላሉ። ጋቢናውን ግን ሦስት ብር ያለውም አያገኘውም፤ ከወልድያ የመጡ ሁለት ባለ ቦርሳ የመንግሥት ሰዎች ይዘውታል። እኔ ኬሻው ላይ፣ ዶሮዎቿን አቅፋ በተቀመጠች ሴትና ቡሉኮ በለበሱ ሽማግሌ መሀል ቦታ አገኘሁ።

እናቴ የላከችኝ እህቴን አይቼ እንድመጣ ነው። የኩልመስክ እህል መጋዘን ኃላፊ የነበሩት ጋሽ ሙሉጌታ አምና በሹመት ወደ ላሊበላ ሲዛወሩ ታናሽ እህቴን የሻረግን ይዘዋት ሄደዋል። «እንደ ልጃችን እናሳድጋታለን፣ እናስተምራታለን» ብለው ነው። የሻረግ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው።

እናቴ ከቀያችን እስከ ኩልመስክ፣ መኪናው ድረስ ሸኝታኝ፣ «ከተማረች እዚያው ትቆይ። ካልተማረች ይዘሻት ነይ» አለችኝ። ሰው ፊት ቃል እንደማይወጣኝ ታውቃለች። ሌላ የምትልከው ግን የላትም።

ሐሙስ፣ ረፋድ

መንገዱ ጠጠርና አቧራ ነው። መኪናው ወደ ገደሉ አፋፍ በተጠጋ ቁጥር ባለ ዶሮዋ ታማትባለች። በግራ በቀኝ የገብስ ክምር፣ የባቄላ ማሳ፣ ከአለቱ ጋር የተመሳሰሉ የድንጋይ ቤቶች ያልፋሉ። ከጋቢናው የራዲዮ ድምፅ ይመጣል። ምርት አደገ፣ ፋብሪካ ተከፈተ፣ ጎብኚ በዛ ይላል። ሽማግሌው ጆሯቸውን አዘንብለው ከሰሙ በኋላ፣

«እውነት ነው፤ ዕድገት መጥቷል። ጋቢና ተቀምጧል። እኛ ዘንድ እስኪወጣ ነው እንጂ» አሉ።

ኬሻው ላይ ያለነው ሁሉ ሳቅን። መኪናው ውሃ ለመቅዳት ሲቆም ባለ ዶሮዋ ለሾፌሩ ነገረችው። እንድሪስ ይባላል፣ የሐይቅ ሰው ነው። እሱም ሳቀና፣ «አብሽሩ አባቴ፣ ቅዳሜ ስመለስ እርስዎን ነው ጋቢና የማስገባ» አላቸው።

ሐሙስ፣ ከሰዓት

ላሊበላ ሁለት ከተማ ሆና ታየችኝ። ከታች ባለ ደርብ ክብ የድንጋይ ቤቶች፣ ነጠላቸውን ያጣፉ ካህናት፣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች። ከላይ አዲስ ቆርቆሮ፣ የቆሙ ላንድሮቨሮች፣ ጎብኚ የሚያርፍበት ሆቴል።

የጋሽ ሙሉጌታ ቤት ከቆርቆሮዎቹ አንዱ ነው። በሩን የከፈተችልኝ የሻረግ ናት። ረዝማለች፤ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ገና ስሜ ሳልጠግባት ከውስጥ ተጠራችና ሮጠች።

የቤቱ እመቤት እትዬ አስካለ በደስታ ተቀበሉኝ፤ ዶሮ ተሠርቶ ነበር። ከባልና ሚስቱ፣ ከልጃቸው ከማርታ ጋር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡኝ። ማርታና የሻረግ እኩያ ናቸው። የሻረግ በክንዷ ፎጣ አንጠልጥላ፣ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዛ መጣች። ከጋሼ ጀምራ ሁሉንም አስታጠበች። እኔ ዘንድ ስትደርስ ጎንበስ ብላ፣

«ይታጠቡ» አለችኝ።

ቀና ብዬ አየኋት። አልቀለደችም። እኔን፣ አብሬያት ከአንድ መደብ የተኛሁትን፣ እንደ እንግዳ «ይታጠቡ» አለችኝ። እጄን ዘረጋሁና ውሃው ፈሰሰ። የሻረግ ወደ ማድ ቤት ተመለሰች፤ ጠረጴዛው ላይ የእሷ ወንበር አልነበረም።

ጋሽ ሙሉጌታ ሲያጎርሱኝ፣ ገረድ የሚባል ነገር ከአብዮቱ ወዲህ እንደቀረ፣ የሻረግም እንደ ልጃቸው እንደሆነች ነገሩኝ። ከልባቸው ነው የሚናገሩት። እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ።

ዓርብ፣ ጠዋት

ማርታ ዩኒፎርሟን ለብሳ ወጣች። የሻረግ ልብስ ተሸክማ ወደ ምንጩ ወረደች፤ እኔም ተከተልኳት። እያሸች ነው የምታወራው። ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ጠየቅኋት። ሦስተኛ አለችኝ።

«አምናም ሦስተኛ ነበርሽ።»

«እንግዳ ሲኖር ትምህርት ቤት አልሄድም። አሁን ደግሞ እንግዳ በዝቷል። ከወልድያ መኪና በመጣ ቁጥር እኛ ቤት ነው የሚያርፉ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ እርስዎ አሉ» አለች።

«እርስዎ» ማለቷን ልብ አላለችውም። ቀሚሱን ጨምቃ ድንጋዩ ላይ አሰጣችው። ከትምህርት ያስቀራት እንግዳ እኔ መሆኔን ሳስብ፣ ጎንበስ ብዬ አንዱን ልብስ ማሸት ጀመርኩ።

ኋላ አብራኝ ትመጣ እንደሆን ጠየቅኋት። እኛ ቀዬ ያለው ትምህርት ቤት ከአራተኛ እንደማያልፍ አስታወሰችኝ።

«ከዚያ ወዲያ ኩልመስክ አለ። እኔ በእግሬ ተመላልሼ ስድስተኛን ጨርሻለሁ» አልኳት።

«ከመጡስ፣ ብቻዎን አይሂዱ» አለች።

ዓርብ፣ ማታ

እራት ሽሮ ነው። የሻረግ አስታጥባን ወጣች። ለጋሼ የምለውን ቀኑን ሙሉ በሆዴ ሳጠናው ውዬ ነበር፤ አሁን ሁሉም ጠፋ።

«ጋሼ፣ የሻረግን ይዣት ልሂድ» አልኩ። ድምፄን እኔም በደንብ አልሰማሁት።

እጃቸውን ከትሪው ላይ ሰበሰቡ። «ምን ጎደለባት? በላች፣ ለበሰች። እንደ ልጃችን አይደለችም?»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ምንም አልጎደለባትም። እዚህ እንደ ልጅ ናት» አልኩ። «እናቴ ዘንድ ግን ልጅ ናት።»

ማርታ አባቷን አየች። እትዬ አስካለ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና የማርታን ሹራብ ይዘው ተመለሱ። ደጋው ላይ ይበርዳታል አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ጋሽ ሙሉጌታ፣ ሁለት ቦታ እንዲይዝላችሁ ለሾፌሩ እነግረዋለሁ ብቻ አሉ።

ቅዳሜ

መኪናው ባዶ ኬሻ ጭኖ ይመለሳል። እንድሪስ ቃሉን ጠበቀ፤ ሽማግሌው ጋቢና ገብተዋል። በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው፣ «ልጆቼ፣ ዕድገትን አገኘኋት። ወንበሯ ትቆረቁራለች» አሉን።

እኔና የሻረግ ኬሻው ላይ ነን። እኔ እስክቀመጥ ድረስ ቆማ ጠበቀች። ቆሎ ስሰጣት በሁለት እጇ ተቀበለች። ዳገቱን ስንጨርስ ነፋሱ በረታ፤ ሹራቡ አልበቃ ብሏት ጋቢዬን ለሁለት ለበስነው። እንቅልፍ ወሰዳት፣ እኔንም ሸለብ አደረገኝ።

የኩልመስክ ባሕር ዛፎች መታየት ሲጀምሩ ጎኔን በክርኗ ጎሸመችኝ። ዓይኗን አልገለጠችም።

«እታለም፣ ተጠጊ እንጂ። ጋቢውን እኮ ብቻሽን ለበስሽው።»

ተጠጋሁላት።