እትዬ ጽጌ የመለሱልኝ ቅጽ

ውሸት ነው በሉኝ።

የጠዋት ፈረቃዬን ጨርሼ ከምሠራበት የአረጋውያን ቤት ስወጣ፣ ኡባን ባቡር ውስጥ እንደቆምኩ ነው መልእክቱ የገባው። «እትዬ ጽጌ አረፉ» ይላል። ሦስቴ አነበብኩት። ሐሙስ እኮ ደውለውልኝ ነበር! አላነሳሁም። ለምን እንዳላነሳሁ ዛሬ እናገራለሁ።

ለማታውቋቸው፣ እትዬ ጽጌ በተማሪነት መጥተው በስደት የቀሩ፣ ፍራንክፈርት ላይ ያረጁ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናቸው። የሚሠሩት ሲስተሚክ የሚባለውን የቤተሰብ ሕክምና ነበር። አንድ ሰው ሲታመም እሱን ብቻ ለይተው አያክሙም፤ ቤተሰቡን ሁሉ አንድ ላይ አስቀምጠው ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ደግሞ ሥራቸው በአውሮፓ እየዞሩ ባልደረቦቻቸውን መነዝነዝ ሆነ። ሊዝበን፣ ዋርሶ፣ ቪየና፤ ያቺን ጎማዋ የምትንጫጫ ሻንጣ እየጎተቱ። «ሕክምናችን ይሠራል ትላላችሁ። በምን አወቃችሁ? አጥኑት!» ይሏቸዋል። ጥበብ በቁጥር አይለካም ብለው የሚያኮርፉባቸው ነበሩ። እሳቸው ግን «ጥናት ከሌለ ክራንከንካሴው፣ የጤና መድኑ፣ አይከፍልም፤ እሱ ካልከፈለ ድሃ ቤተሰብ ደጃችንን አይረግጥም» ብለው ድርቅ ነው። የየአገሩ አጥኚዎች በአንድ ዓይነት መጠይቅ እንዲሠሩ ያስማሙት በዚሁ ንዝነዛቸው ነው። «የእኛም ሰው ይግባበት» ብለው ደግሞ መጠይቁን ወደ አማርኛ እንድመልስ እኔን ያዙኝ።

ሰላምታቸውን የምታውቁ ታውቃላችሁ። እንዴት ነሽ ሲሉኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። እሳቸው ታዲያ «እሱስ ይመስገን። ቤቱስ?» ይላሉ። ሰው ይስቅ ነበር። እኔም እስቅ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ቦናመስና ኖርድቬስትሽታት የሚባሉት ሰፈሮች ያሉ የእኛ ቤተሰቦች ጋ የመጠይቁን ቅጽ ይዤ የዞርኩት እኔ ነኝ። እንግዳ ወረቀት ይዞ ሲመጣ እኛ ቤት የሚሆነውን ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ ይበላል፣ ከዚያ ገበና ይሸፈናል። «ዩገንድአምት፣ የሕፃናት ጉዳይ ቢሮው፣ ቢያየውስ? ልጆቻችንን ቢወስዱብንስ?» አሉኝ። ቅጹ ላይ ስም እንደማይጻፍ እያወቅኩ «ግዴለም፣ ጥሩ ጥሩውን ሙሉት» አልኳቸው። ሞሉት። እንደ ቅጹ ከሆነ በዚህ ቤት የሚኮራረፍ የለም። የከፋው ሁሉ ለሌላው ይናገራል። የራሴንም እንደዚያው ሞልቼ መሃላቸው ቀላቀልኩት።

እትዬ ጽጌ ክምሩን አገላብጠው «አቤት! ገነት ለካ ቦናመስ ኖሯል፤ እኔ ሞኟ ሰማይ ሰማይ አያለሁ» አሉ። ሳቅን። በሳምንቱ ሳይነግሩኝ ቤቴ መጡ።

ያኔ እኔና ባለቤቴ ከተዘጋጋን ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘን ነበር። አስራ አንደኛ ፎቅ፣ አንድ መኝታ ቤት፣ አንድ ሳሎን። ለሌላ ቮኑንግ፣ ለኪራይ ቤት፣ ብንመዘገብም አልደረሰንም። እኔም መሄጃ የለኝም፣ እሱም የለውም። የምንነጋገረው በልጃችን በሶልያና በኩል ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ያን ቀንም «ፓፓ፣ ማማ ዛግት ኤሰን ኢስት ፈርቲሽ» ብላ ምግቡ መድረሱን ከኩሽና ሳሎን አደረሰች። ተመልሳ ደግሞ «ፓፓ ዛግት፣ ሽፔተር» አለችኝ፤ በኋላ ይበላል ማለቷ ነው። በእኔና በእሱ መካከል አምስት እርምጃ አይሞላም። እትዬ ጽጌ ልጅቷን በዓይናቸው ብቻ ተከተሏት።

ስሸኛቸው ሊፍቱ ጋ ቆም አሉና ከሻንጣቸው ሁለት ባዶ ቅጽ አወጡ።

«አንዱ ላንቺ፣ አንዱ ለሱ።»

«እትዬ፣ እኛ እኮ ምንም አልሆንንም። ለልጅቷ ብለን...»

«የኔ ልጅ፣ ያቺን ልጅ እኮ ፖስተኛ አደረጋችኋት። ውሸት አጥንተን ለማን መድኃኒት እናገኛለን? ሲሆንልሽ እውነቱን ጽፈሽ አምጪልኝ። እጠብቃለሁ።»

የሰበሰብኩትን በሙሉ ከጥናቱ አወጡት። ማንንም አልወቀሱም። «ካላመኑን ጥፋቱ የእኛ ነው» ብለው ከእንደገና ጀመሩ።

ቅጾቹ መሳቢያዬ ውስጥ ከረሙ። ቤቱን እንዳይጠይቁኝ ብዬ ስልካቸውን ማንሳት ተውኩ። ሐሙስም ያላነሳሁት ለዚህ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ እኔ ግን መድኃኒቱ ራሱ እየደወለልኝ አላነሳሁም። የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ይህን የምጽፈው መኝታ ቤት በሩን ዘግቼ ነው። ባለቤቴ ሳሎን ነው። እዚህ ገጽ ላይ ጓደኛሞች ነን፤ የምለጥፈውን ያያል፣ አንዳንዴ ላይክ ያደርጋል፣ ቃል ግን አይወጣውም። እኔንም አይወጣኝም። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሲያስል እሰማዋለሁ። ታፍኛለሁ ወገኖቼ። እሱም እንደታፈነ አውቃለሁ። ገበናሽን አደባባይ አወጣሽ የምትሉኝ ትኖራላችሁ፤ በሉ።

እትዬ ጽጌ፣ ቅጹን ዛሬ ሞላሁልዎ። «በቤታችን የከፋው ሰው ለሌላው ይናገራል» የሚለው ጋ «በጭራሽ» የሚለውን አከበብኩ። ሁለተኛውን ቅጽ ይዤ ስወጣ ሶልያና ልታደርስልኝ እጇን ዘረጋች። አልሰጠኋትም። ራሴ ወስጄ ፊቱ አስቀመጥኩት። ቀና ብሎ አየኝ። አሁን የሳሎኑን መሳቢያ ሲከፍት ይሰማኛል። እስክሪብቶ ይሁን ሌላ ነገር የሚፈልገው አላውቅም።

ይረፉ እንግዲህ እትዬ። ያቺን ሻንጣዎንም ያሳርፏት። ቤቱን ነበር የጠየቁኝ። ቤቱ ታሟል።