የኦቦ ግራ እጅ

ኅዳር ላይ፣ ጠዋት፣ ሱሉልታ ውስጥ ሞተር ሳይክል ነድቶ የሚያውቅ ሰው ስለ ብርድ ማንም እንዲነግረው አይፈልግም። ሜዳው በውርጭ ነጭ ብሎ ያድራል። ፀሐይ እስክትጠነክር ድረስ ነፋሱ በጓንት ውስጥ ሾልኮ ይገባና ጣቶችን አንድ በአንድ ያደነዝዛል። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ከከተማው ተነስቼ በጫንጮ አቅጣጫ ያሉትን ቀበሌዎች እየዞርኩ ከብት እከትባለሁ፣ የታመመውን አክማለሁ። ሞተር መንዳት ያስተማሩኝ ኦቦ ናቸው።

ስማቸውን አልጽፍም። መሥሪያ ቤታችን ውስጥም በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም፤ ገበሬውም አለቃችንም "ኦቦ" ነበር የሚላቸው፣ በኦሮምኛ "አቶ" እንደ ማለት ነው። የዚያው አካባቢ የገበሬ ልጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት ላም በማዳቀል ሥራ ነው። አንድ ገበሬ "ላሜ ኮርማ ፈልጋለች" ብሎ ከደወለ በዚያው ቀን መድረስ አለባቸው፤ ካለፈ ሌላ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው። ሥራው የግራ እጅ ሥራ ነው። ረጅሙን ጓንት እስከ ትከሻቸው ያጠልቁና ግራ እጃቸውን ላሟ ውስጥ አስገብተው የማሕፀኗን አንገት በጣቶቻቸው ዳብሰው ያገኙታል። ቀኝ እጃቸው ዘሩን የያዘውን ቀጭን ዘንግ ይመራል። እዚያ ውስጥ ዓይን አያገለግልም፤ የሚያየው ጣት ነው።

"ጣቴ ካልሰማ እኔ የለሁም" ይሉ ነበር።

በብርዱ ወራት ግን ጣታቸው አይሰማም ነበር። ገበሬው ደጅ ደርሰው ከሞተር ሲወርዱ በመጀመሪያ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ይቆማሉ። ገበሬው ላሟን አስሮ ይጠብቃል። እሳቸው ደግሞ እያሳቁ ጊዜውን ይገፉታል። አንድ ቀን አብሬያቸው ስሄድ ጣቶቻቸው እንደ ሰም ነጭ ሆነው አየሁና አንጀቴን በሉት።

እኔ በእጄ እመካለሁ። አባቴ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለነበር ካቻቢቴና ፒንሳ እያየሁ ነው ያደግሁት። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ የሚሞቅ የሞተር እጀታ ገዛሁ። ከውጭ ሲታይ መሪው ላይ እንደሚገባ ማንኛውም የእጅ መያዣ ጎማ ነው፤ ውስጡ ግን ቀጭን ሽቦ አለው፤ ከባትሪ ጋር ተገናኝቶ ማብሪያው ሲጫን ይሞቃል። ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ በአንድ ቅዳሜ የራሴ ሞተር ላይ ገጠምኩት። ሰኞ ጠዋት ውርጩን እየሰነጠቅሁ ስሄድ መዳፌ ሙቅ ዳቦ የያዘ ይመስል ነበር። ደስታዬን አልቻልኩትም። ለኦቦም ገዛሁላቸው።

የእሳቸውን የገጠምኩት አርብ ከሰዓት፣ መሥሪያ ቤታችን ግቢ ውስጥ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ከበው ያዩኛል። አንዱ "ከዛሬ ጀምሮ ጋራዥ ክፈቺ" ይላል፣ ሌላው ፎቶ ያነሳል። እኔም ልቤ አበጠ። ሽቦውን በናስትሮ ጠቅልዬ ከባትሪው ጋር አገናኘሁ፤ የግራውን እጀታ በማጣበቂያ አስገባሁ። የቀረው የቀኙ ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገውም እሱ ነው፤ የሚገባው ነዳጅ መስጫው ላይ ነዋ። ሲጠመዘዝ ሞተሩ ይፈጥናል፣ ሲለቀቅ በራሱ ተመልሶ ይዘጋል። ስለዚህ በእጀታው ጫፍና አጠገቡ ባለው የሞተሩ ማብሪያዎች ሣጥን መካከል ትንሽ ክፍተት መተው አለበት፤ ከተነካኩ ነዳጁ በደንብ አይመለስም። የራሴ ላይ ለክቼ ነበር የተውኩት። የእሳቸው ላይ ግን ሰው እያሳቀኝ ከሚገባው በላይ ገፋሁት። ማጣበቂያው ወዲያው ያዘ።

ጠመዘዝኩት፤ ተመለሰ። ትንሽ ዘግየት ብሎ ነው የተመለሰው። አይቼዋለሁ። ይህን ሳልሸሽግ መጻፍ አለብኝ፤ አይቼዋለሁ።

ኦቦ ወጥተው ሞከሩት። "ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚጠሩኝ። "ትንሽ አልከበደም?"

"አዲስ ስለሆነ ነው ኦቦ፤ ሲነዱበት ይላላል" አልኳቸው።

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ግንባሬን ሳሙኝና ሄዱ።

ማክሰኞ ጠዋት ስልክ ተደወለ። ኦቦ ከአስፋልቱ ወደ አንዱ ቀበሌ በሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ቁልቁል ሲወርዱ ቦይ ውስጥ ገብተዋል። ስደርስ ኦቦ ገበሬዎች ጋቢ ደርበውላቸው ሣር ላይ ተቀምጠዋል። ግራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ታቅፈውታል፤ አንጓው ላይ ተጣሟል። መኪና ተገኝቶ ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰዷቸው። እኔ ሞተሩን እንድመልስ ቀረሁ። መስታወቱ ተሰብሯል እንጂ ይነሳ ነበር።

አስነስቼ ቀስ ብዬ ነዳሁት። የእጀታው ማብሪያ እንደበራ ነበር፤ ጥቂት ስሄድ መዳፌ ሥር ሞቀ። አንድ ኩርባ ላይ ነዳጁን ለቀቅኩ። ሞተሩ አልቀነሰም። የእጀታው ጎማ ሲሞቅ አብጦ የማብሪያዎቹን ሣጥን ነክሶ ይዞታል። ደንግጬ ቁልፉን አጠፋሁና መንገድ ዳር ቆምኩ። 

ግቢ ስገባ ማንም አልነበረም። መሣሪያዬን አወጣሁና የእጀታውን ጫፍ ዙሪያውን በምላጭ ቆረጥኩት። ቆርጬ ያወጣሁት የጣት ስፋት እንኳን አይሞላም። ነዳጅ መስጫው ወዲያው ላላ። ለራሴ "ሌላ ሰው እንዳይጎዳ ነው" አልኩት። ውሸቴን ነበር። ሰው እንዳያይብኝ ነው።

ቁራጩን ኪሴ ከትቼ ቤቴ ስደርስ ጣልኩት።

የሚጠይቅ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ማንም አልጠየቀኝም። ምክንያቱን ሁሉም ያውቀው ነበር፤ ኦቦ አርጅተዋል። አለቃችን "እኔ ድሮም ፈርቼ ነበር፣ በዚህ ዕድሜ ሞተር!" አለ። ቡራዩ የሚኖረው ትልቁ ልጃቸው መጥቶ "ከእንግዲህ ሞተር ላይ አይወጡም" ብሎ አስጠነቀቀ። ቀበሌዎቻቸው ለጊዜው ለሌላ አዳቃይ ተሰጡ። እኔ ለክትባት ስሄድ ገበሬዎቹ "አካም ጅሩ ኦቦ?" ብለው ደህንነታቸውን ይጠይቁኝና መልሴን ሳልጨርስ "እርጅና መጥፎ ነው" ይላሉ። እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። ያ ራስ መነቅነቅ ከሁሉም ይበልጥ ያሳፍረኛል። አንድም ቀን በአፌ አልዋሸሁም፤ አንገቴ ግን በየደጁ ሲዋሽ ከረመ።

በየሳምንቱ ብርቱካን ይዤ እጠይቃቸው ነበር። አዴ፣ ባለቤታቸውን ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጠራቸው፣ በር ድረስ ወጥተው ይቀበሉኛል፤ "ከልጆቻችን በላይ ሆንሽ" ይሉኛል። ኦቦ በጄሶ የታሰረ እጃቸውን ትራስ ላይ አሳርፈው ግድግዳው ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። በመጀመሪያው ቀን "ያንን የመሰለ ስጦታሽን አበላሸሁት፣ ይቅርታ" አሉኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ አዴ ወተት ይዘው መጡ። ወተቱን ጠጣሁ።

ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። ጄሶው ተፈታ፤ አንጓቸው ግን አልታጠፍ አለ።

ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ስሄድ ኦቦ የሥራ ሣጥናቸውን አጠገባቸው አድርገው ጠበቁኝ። ጓንቱ፣ ዘንጉ፣ መቀሱ፣ ሁሉም ታጥቦ ተደርድሯል።

"ይኼን ለቢሮ መልሺልኝ" አሉ። "የጡረታ ማመልከቻም ትጽፊልኛለሽ፤ ያንቺ ጽሑፍ ያምራል።"

"ለምን ኦቦ? እጅዎ እኮ ይድናል።"

"የተሰበረው አይደለም ያስፈራኝ" አሉ። ቀኝ እጃቸውን አነሱና ጨበጥ ለቀቅ አደረጉት። "ይኼኛው ነው። ያን ቀን ነዳጁን ለቀቅሁ ብዬ ነበር። በልቤ ለቅቄአለሁ። ሞተሩ ግን ጮኸ። እጄ አልታዘዘኝም ማለት ነው። ሌሊት እየነቃሁ እሞክረዋለሁ፤ ጨብጥ ስለው ይጨብጣል፣ ልቀቅ ስለው ይለቃል። ያን ቀን ግን አልለቀቀም። የራሱን እጅ የማያምን ሰው የሰው ላም ውስጥ እጁን አይከትም።"

እስከዚያ ቀን እጃቸውን ብቻ የሰበርኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ሌላም ነገር ወስጄባቸዋለሁ።

"ለቀውታል" አልኩ። ድምፄ ከሩቅ የመጣ መሰለኝ። "ኦቦ፣ እጅዎ ታዝዟል። እኔ ነኝ። እጀታውን አስጠግቼ ነው የገጠምኩት። ሲሞቅ ነዳጅ መስጫውን ይይዘዋል። ያን ዕለት ሞተሩን ስመልስ እኔንም ያዘኝ። ከዚያ ቆረጥኩትና ዝም አልኩ።"

መጀመሪያ ያልገባቸው መሰለኝ። ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

"ለቅቄው ነበር?"

"ለቀውት ነበር።"

ፊታቸው ሲበራ አየሁ። አንዲት ቅጽበት ናት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፤ ብርሃኑም ጠፋ።

"ከብዷል ብዬሽ ነበር።"

"ብለውኛል።"

"መውደቁን ተዪው። ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ስንት ላም አበላሽቻለሁ። ሁለት ወር!" ድምፃቸው ከፍ አለ። እንዲህ ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም። "ሁለት ወር ልጄ ፊት፣ አለቃ ፊት፣ ጎረቤት ፊት አረጀ ስባል ብርቱካን እየላጥሽ ትሰሚያለሽ?"



ሚስታቸውን በኦሮምኛ ጠሯቸው። አዴ እጃቸውን በነጠላቸው እያበሱ ወጡ። "ንገሪያት" አሉኝ ኦቦ። ነገርኳቸው። ሁለተኛው መናገር ከመጀመሪያው ይከብድ ነበር። አዴ ያመጣሁትን ብርቱካን ከነፌስታሉ አነሱና እግሬ አጠገብ አስቀምጠውልኝ ወደ ቤት ገቡ።

"ሰኞ ለቢሮም ትናገሪያለሽ" አሉ ኦቦ። "ልጄም ይስማ። ሣጥኑን ተዪው፤ አይሄድም።"

ሰኞ ነገርኩ። አለቃችን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ለልጃቸው ደወልኩለት፤ ሳልጨርስ ስልኩን ዘጋው። አርብ ከሰዓት ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ለጥቂት ሳምንት ሻይ ስጠጣ ጠረጴዛዬ ላይ አልተቀመጡም። አልፈረድኩባቸውም። እውነቱን ለመናገር ቀሎኝም ነበር፤ መቅለሉም አሳፈረኝ።

ከዚያ በኋላ ሰበታ ውስጥ ጎበዝ ወጌሻ እንዳለ ሰማሁና ኦቦን እኔ ልውሰድዎት ብዬ ለመንኳቸው። እሺ ያሉኝ በሦስተኛው ልመና ነው። በእረፍት ቀኔ በሚኒባስ አዲስ አበባን አቋርጠን እንሄዳለን። መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ብዙ አያወሩኝም። ወጌሻው አንጓቸውን በቅቤ እያሸ ሲጎትተው ጥርሳቸውን ነክሰው ጣሪያውን ያያሉ። እኔ ውጭ ቆሜ እጠብቅ ዘንድ አልፈቀዱልኝም። "እዚህ ሁኚ" አሉኝ፤ ሆንኩ። ስድስት ጊዜ ሄድን። በስተመጨረሻ አንጓቸው ከድሮው ግማሹን ያህል ታጠፈ። ወጌሻው ከዚህ አያልፍም አለ።

ክረምቱ ሲወጣ ኦቦ ወደ ሥራ ተመለሱ። ሞተሩንም ወሰዱት። የገጠምኩላቸውን እጀታ በራሳቸው እጅ ነቅለው ተራ ጎማ አስገቡ፤ ለብርዱ አዴ ከበግ ቆዳ የሰፉላቸውን ሽፋን መሪው ላይ አጠለቁ። የእኔ ሞተር ላይ ያለው እስከ ዛሬ አለ። በብርዱ ቀን አንዳንዴ አበራዋለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ማብሪያው ላይ ጣቴን አድርጌ እተወዋለሁ። አዴ ሰላም ይሉኛል፤ ከበር ላይ ግን አይወጡም።

ከኦቦ ጋር አሁንም አንዳንድ ቀን አብረን እንወጣለን። ድሮ በደቂቃዎች የሚጨርሱት ሥራ አሁን ይቆያል። የማይታጠፈውን አንጓ ትከሻቸውን ጠምዝዘው ነው የሚያግዙት። ላሟ ትንቀጠቀጣለች፤ ግንባራቸው በዚያ ሁሉ ብርድ መሃል ያልበዋል። ባለፈው አንድ ገበሬ ገመዱን እንደያዘ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ "ኦቦ አርጅተዋል አይደል?" አለኝ።

"አላረጁም" አልኩት ጮክ ብዬ። "እጃቸውን የሰበርኳቸው እኔ ነኝ።"

ገበሬው ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ኦቦ ከላሟ ኋላ ሆነው፣ ጉንጫቸውን ታፋዋ ላይ እንዳስደገፉ፣ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ "ዱጋ ነው፣ እውነቷን ነው" አሉት። ከዚያ ወደ እኔ "ኢንተላ ኮ፣ ጅራቱን በደንብ ያዢ" አሉ።

ያዝኩ።