የቀማሿ ልብ

የቡና መቁያው ቀማሽ ልቧ መዝለል ከጀመረ ወር አልፎታል። መጀመሪያ ደረጃ መውጣቱ ነው ብላ ነበር፤ ኋላ ግን ቁጭ ብላም ደረቷ ውስጥ ያዙኝ ልቀቁኝ ይል ጀመር። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም። እናቷን የወሰዳት የልብ ሕመም ስለሆነ፣ ለማንም ሳትተነፍስ "ተራዬ ደረሰ" ብላ ደመደመች።

ሥራዋ የራሱ ወግ አለው። ከየጆንያው የተወሰደ ናሙና ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ በየስኒው ይደረግና የፈላ ውሃ ይፈስበታል። እሷ በማንኪያ ጨልፋ በር ድረስ በሚሰማ ድምፅ ፉት ትላለች። ከዚያ "ይሄ ሻግቷል"፣ "ይሄኛውን አሳርራችሁታል" ትላለች። ቡና ቆይዎቹ ይነጫነጫሉ እንጂ አይከራከሯትም።

አንድ ጠዋት ማንኪያው ከእጇ አምልጦ ወደቀ። የመቁያው ሾፌር የሆነው ባሏ እንቢታዋን ከቁም ነገር ሳይቆጥር መኪና ውስጥ ከቷት ክሊኒክ ወሰዳት።

ሐኪሙ ገና ጢሙ ያልጠና ልጅ ነው። የልቧን ምት በማሽን አነሳ፣ ደሟን አስመረመረ፣ ውጤቱን ገለባብጦ አየ።

"ልብዎ ደህና ነው፤ ብቻ ይሮጣል። ቡና ያበዛሉ እንዴ?"

"ኧረ እኔ ቡና አልጠጣም!" አለች፣ እንደ ተሰደበ ሰው።

ባሏ ከወንበሩ ብድግ አለ። "አንቺ ሴትዮ፣ እግዜርን ፍሪ! ቀኑን ሙሉ ቡና ላይ አይደለም እንዴ የምትውይው?"

"እሱ መቅመስ ነው። መቅመስ ሌላ፣ መጠጣት ሌላ። አጣጥመን ባልዲ ውስጥ እንተፋዋለን እኮ!"

"ሁሌም ይተፉታል?" አለ ሐኪሙ።

"ሁሌ..." ብላ ጀመረችና ጉንጯን ዳበሰች። "ጥርሴን የነቀለው ሰውዬ ቁስሉ እንዳይደማ አትትፊ ብሎኝ ነበር። ስለዚህ መዋጥ ጀመርኩ።"

"መቼ ነው የነቀሉት?"

"ወር አለፈው።"

"ቁስሉስ?"

"እሱማ ወዲያው ድኗል።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ... ባልዲውን ከአጠገቤ አንስቼው ነበር፤ መመለሱን በዚያው ረሳሁት።"

ባሏ ሳቁን ለማፈን ወደ መስኮቱ ዞረ። ሐኪሙ ግን አልሳቀም።

"ካፌይን ሲበዛ ልብ ያስሮጣል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል። በማንኪያ ነው ብለው አይናቁት፤ ቀኑን ሙሉ ሲዋጥ ጀበና ሙሉ ይሆናል። ከዛሬ ጀምሮ ይትፉት። በድንገት ሲቀንስ ራስዎን ሊያምዎት ይችላል፤ አይደንግጡ።"

"በቃ? አልሞትም?"

"በዚህስ አይሞቱም።"

በማግስቱ ባልዲውን ወደ ቦታው መለሰችው። እንደተባለውም ራሷን ፈለጣት፤ ቆይዎቹ ለጥቂት ቀን በአጠገቧ የሚያልፉት በእግር ጣታቸው እየረገጡ ነበር። ከዚያ ራስ ምታቱ ተዋት።

እሑድ ከምሳ በኋላ "እስቲ ጋደም ልበል" ብላ ሶፋው ላይ ወደቀች፤ ስትነቃ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ባሏ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ደረቷ ላይ ለጥፏል።

"ምን ትሠራለህ አንተ?"

"ልብሽ ጸጥ አለብኛ! ጫጫታውን ለምጄ..."

"ወግድ፣ ልተኛበት" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እንቅልፏን ቀጠለች።