ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሴኞራ ፒላር ቤት

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጀርመን፣ ቦርንሃይም ሰፈር ውስጥ ከአንዱ መስኮት የሙዝ ጥብስ ሽታ ወጥቶ ሲያውደኝ፣ የሠላሳ ዓመት ሴት መሆኔ ቀርቶ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ከእኛ ፎቅ በታች፣ ሴኞራ ፒላር በር ላይ ቆምኩ።

ሴኞራ ፒላር ኮሎምቢያዊት ነርስ ነበሩ፤ ልጃቸው ሉስ የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። ቅዳሜ ከሰዓት የአገራቸውንና የጎረቤት አገሮችን ልጃገረዶች ሳሎናቸው ይሰበስቡና፣ ሙዝ ጠብሰው አቅርበው በሩን ይዘጋሉ። ኤርፖርት በጽዳት የምትሠራው እማዬ ደግሞ የተዘጋ በር አትወድም። ልጆቹ ፊታቸው ቀልቶ፣ ወረቀት ቦርሳቸው ውስጥ እየሸጎጡ ሲወጡ ደረጃው ላይ ቆማ አየቻቸውና፣ «ይሄ ሃይማኖት ማስለወጫ ነው» ብላ እንድሰልል ላከችኝ።

የሚማሩት ስለ ወር አበባ፣ በግንኙነት ስለሚተላለፉ በሽታዎች፣ «አልፈልግም» ስለማለት ነበር፤ ትምህርቱ በስፓኒሽ ስለሆነ ሉስ በጀርመንኛ እያንሾካሾከች ስትተረጉምልኝ እኔም ቀላሁ። እማዬ በር ላይ ጠብቃ «ምን አስተማሩሽ?» ስትለኝ፣ የሙዙ ሽታ ልብሴ ላይ ነበርና «ምግብ አሠራር» አልኳት። ሦስት ወር ሙሉ ምግብ አሠራር ተማርኩ፤ እንቁላል መጥበስ እንኳ አለመቻሌ ግን ጥርጣሬዋን አባሰው፤ አንድ ቀን ቦርሳዬን ፈትሻ የማህፀን ሥዕል አገኘች።

የሥራ ልብሷን ሳትቀይር እጄን ይዛኝ ወረደች። ጠብ ጠበቅሁ። ሴኞራ ፒላር አስገብተው ሁሉንም በጀርመንኛ አስረዱ፣ እኔ በአማርኛ ተረጎምኩ፤ እማዬ ሥዕሉን ትኩር ብላ አየችና «እኔ መጀመሪያ ቀን የምሞት መስሎኝ ተደብቄ አልቅሻለሁ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጠይቂልኝ እስቲ። የወር አበባዬ ከቆመ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ አሁን ደሙ ተመልሶ መጣ። ደኅና ነው ወይ በያቸው» አለችኝ።

ሉስ ታየኛለች። ሞቴን ተመኘሁ። «ልጄ መምጣቷን ትቀጥል ወይ ትላለች» ብዬ ለሴኞራ ፒላር ተረጎምኩ።

«ካይን ፕሮብሌም!» አሉ ሴኞራ ፒላር፣ እማዬን እየሳቁ አይተው። «ምንም ችግር የለም» ማለታቸውን እማዬ ያለ እኔ ተረዳች። ፊቷ በራ። ሕንጻውን በሙሉ የምትጠረጥር ሴት እኔን አልጠረጠረችም።

በዓመቱ እማዬ በማህፀን ካንሰር ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሙ ለምን ቀደም ብላ እንዳልመጣች ሲጠይቃት፣ «ነርስ ጠይቄ ምንም አይደለም ተብያለሁ በይው» አለችኝ። ይህንን አንድ ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩ።

ለእማዬ ለቅሶ ሴኞራ ፒላር መጥተው ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቤ ተቀመጡ። ያኔ ምን ተጠይቀው እንደነበር እስከ ዛሬ አያውቁም።