ጋርሳ እስኪበስል

ጋርሳ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ የሚያፈራ ዛፍ ነው። ከቆቦ በስተምሥራቅ፣ ሜዳው ወደ አፋር ሲወርድ ይበቅላል። ዝናብ በደህና በጣለበት ዓመት ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ማሽላችን ክንድ ሳያህል በደረቀበት በስልሳ አምስቱ ድርቅ ግን ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። አባቴ በስልቻ ሞልቶ ሲያመጣው እናቴ መሬት ላይ ዘርግታ አየችውና፣

"የሚያድን ነው የሚገድል?" አለችው።

"እሱማ ያንቺ ፋንታ ነው" አላት።

እውነቱን ነበር። የጋርሳ ፍሬ በደንብ ካልተቀቀለ ይመርዛል። አሠራሩን ለእናቴ ያሳየቻት ጨው ይዛ ገበያ የምትወጣ አንዲት አፋር ናት። ፍሬው ከጠዋት እስከ ማታ ይቀቀላል፤ ውኃው ሲጠቁር ይደፋል፣ አዲስ ይጨመርበታል፣ እሱም ሲጠቁር ይደፋል። ምላስ ላይ መምረሩን ሲተው ደርሷል ማለት ነው። ሽታው እንደ ከረመ እርጥብ ቆዳ ነበር።

እንጨት አልጠፋም፤ የቸገረው ውኃ ነው። እናቴ የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ቆፍራ፣ ጠብ ጠብ የሚለውን አጠራቅማ በእንስራ ታመጣለች። አምጥታም ሰው የተጠማውን ውኃ መሬት ላይ ትደፋለች። ጎረቤቶች "የጠገበች! ውኃ ትደፋለች" ይሏት ነበር። ሲበስል መጀመሪያ እሷ ትቀምሳለች፤ ቀምሳ ትቀመጣለች። ሆዷን ካልቆረጣት ለኛ ትሰጠናለች። በዚህ ሁኔታ ሰነበትን። መቆም አቅቷት የነበረችው ታናሽ እህቴ ግድግዳ እየያዘች መሄድ ጀመረች። እናቴም የምትለፋው ይበልጡን ለሷ ነበር፤ እኛ ትልልቆቹ ከዱር ያገኘነውን ቅጠልና ሥር በልተን እንውላለን።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የአባቴ ታላቅ ወንድም ከደጋ ወርዶ መጣ። ቆቦ ላይ እህል ይታደላል ሲባል ሰምቶ ነው። ወሬው ውሸት ነበር። ከቤታችን ጭስ ሲወጣ አየና ገባ። እግሩ አብጧል፤ ቀልዱ ግን አልተወውም።

"እሰይ! ድስት የጣደ ቤት አገኘሁ።"

"ገና ነው፣ ጋሼ" አለች እናቴ። "የመጀመሪያው ውኃ እንኳ አልተደፋም። ማታ ይደርሳል።"

"እስከ ማታ እንደምቆይ ማን ነገረሽ?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ፦ "የመጡት የሷ ወንድሞች ቢሆኑ ኖሮ ይሄ ድስት ቶሎ ይደርስ ነበር።"

የአባቴ ፊት ተለዋወጠ። እንግዳ፣ ያውም ታላቅ ወንድም፣ የተጣደ እያየ ሳይቀምስ ወጣ መባል ከረሃቡ የባሰ ነውር ነበር።

"አውጪ" አላት።

"ይገድላል እኮ።"

"አውጪ አልኩሽ!"

አወጣች። አጎቴ ቀመሰና "ሬት ነው እኮ!" ብሎ ፊቱን አጨማደደ፤ መብላቱን ግን አልተወም። ብቻውን የሚበላ ሰው አልነበረም። በደህናውም ጊዜ ቤታችን ሲመጣ የመጀመሪያ ጉርሻው ለትንሿ ልጅ ነበር።

"ነይ የኔ እናት።"

"እሷ በልታለች" አለች እናቴ። አልበላችም ነበር።

"በሞቴ!" አለ አጎቴ፣ እጁን ዘርግቶ።

በሞቴ ከተባለ በኋላ እንቢ የሚል የለም። እናቴ አባቴን አየችው። አባቴ መሬት መሬት አየ። እህቴ አፏን ከፍታ ዋጠች፤ ሁለተኛውንም ዋጠች።

ከቀትር በኋላ ሁለቱንም አስመለሳቸው። አጎቴ ሙሉ ሰው ነው፤ እየተራገመ አወጣውና ተረፈ። እህቴ የምትቋቋምበት አቅም አልነበራትም። በማግስቱ ሞተች።

ለቀብር የመጡት ጥቂት ሰዎች "ረሃብ ወሰዳት" አሉ። አጎቴም ከተኛበት ሆኖ እንደዚያው እያለ አለቀሰ፤ ለቅሶው የውሸት አልነበረም። በኋላ፣ በሥራዬ፣ ስለዚያ ዘመን ብዙ አንብቤአለሁ፣ ጥቂትም ጽፌአለሁ። እንደሷ የሞቱት ሁሉ በረሃብ ሞቱ ተብለው ተመዝግበዋል። ስሕተት ነው ለማለት ይቸግረኛል፤ ትክክል ነው ለማለትም ይቸግረኛል። እህቴ ረሃቡን እያለፈችው ነበር። የገደላት ይሉኝታ ነው።

ከቀብር ስንመለስ የቀረው ጋርሳ ድስቱ ውስጥ እንደተተወ ነበር። እናቴ ልትደፋው ትችል ነበር፤ ሌላ የሚበላ ግን የለም። አባቴ እንስራውን አንስቶ ወጣ። ውኃ መቅዳት የሴት ሥራ ነው፤ እንስራ ያዘለ ወንድ ይሳቅበታል። ያን ቀን የሳቀ ሰው አላየሁም። አምጥቶ አጠገቧ አስቀመጠላት። አላመሰገነችውም፣ አልሰደበችውም። ጥቁሩን ውኃ ደፍታ አዲሱን ጨመረችና እሳቱን አነደደች። ሲጠቁር ደፋችው። አባቴም እንስራውን ይዞ ተመልሶ ወደ ወንዙ ወረደ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቀመሰች፤ ተቀመጠች፤ ጠበቀች። ከዚያ፣ እንግዳ ነውና፣ መጀመሪያ ለአጎቴ ሰጠችው። ቀጥላ ለኛ። ምሬቱ ጨርሶ ወጥቶለት ነበር። በላን። ማናችንንም አላመመንም።