ዓይናለም ያላጋራችው ፎቶ

ዓይናለም ይሻው ከኩዌት ተመልሳ ደብረ ታቦር ቤት ስትከራይ ያሰበችው ጫጩት አሳድጎ መሸጥ ብቻ ነበር። ስሟን ያስጠራላት ግን ድንች ሆነ። አባቷ አቶ ይሻው ከገሳይ ከተማ አጠገብ ያርሳሉ። አንድ ቀን ለዘር የሚሆነውን ድንች ብርሃን በሚገባበት መደርደሪያ ላይ እንዴት እንደሚያጎነቁሉት ሲያስረዷት በስልኳ ቀረጸቻቸው።

«እስቲ አሳዪኝ» አሏት ሲጨርሱ።

ስልኩን ወደ ዓይናቸው ጠጋ አድርገው እስከ መጨረሻው ተመለከቱ። ከዚያም መለሱላትና፣ «እዚህ ላይ ጎረቤቴን በስሙ ጠርቼ ሰነፍ ብየዋለሁ። ይህንን ቆርጠሽ አውጪው» አሉ።

«ቀልድ እኮ ነው አባየ፣ ሰው ይስቅበታል።»

«ማሳየ ላይ ቆሜ ያልኩትን ገበያ መሃል አልለውም። አውጪው።»

ቆርጦ ማውጣት አትችልም ነበርና ስልክ ወደሚጠግነው ወደ ታሪኩ ሱቅ ሄደች። ታሪኩ «የታቦር ወሬ» የሚባል የፌስቡክ ገጽ ነበረው፤ እያሳቀ ቪዲዮ መቁረጥና መቀጠል አስተማራት፣ «የጉና ጓሮ» የሚለውን የእሷን ገጽም የከፈተላት እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓይናለም የቀረጸችውን ሰው ሳታሳይና ሳታስፈቅድ ምንም ነገር አውጥታ አታውቅም። ለሚጠይቃትም ሁሉ ትመልሳለች፤ የማታውቀውን አላውቅም ትላለች። ገጹ ቀስ እያለ አደገ። ከፋርጣም ከእስቴም ገበሬዎች የጠቆረ የድንች ቅጠል ፎቶ እያነሱ ይልኩላት ጀመር። ጫጩቷም ሳይፈለፈል የሚታዘዝ ሆነ።

በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ለዶሮዎቿ ውሃ ስትቀይር ስልኳ ደጋግሞ ጮኸ። ሁሉም የላኩላት አንድ ፎቶ ነበር። ሂጃብ ያደረገች ሴት የምታለቅስ ሕፃን ታቅፋ መኪና መሳፈሪያ ላይ በሰዎች ተከባለች። ከሥሩ፣ «ይህች ሴት ልጅ ሰርቃ ልትጠፋ ስትል ይፋግ ከተማ ተያዘች። ለሁሉም አዳርሱ» ይላል። ያወጣው የታሪኩ ገጽ ነው። ሰው ሁሉ «አንቺስ ምነው ዝም አልሽ? አንቺን ብዙ ሰው ያምንሻል» እያለ ይጽፍላታል። አንዳንዱ በሴትዮዋ ሃይማኖት ላይ የማይነገር ነገር ጨምሯል።

እውነቱን ለመናገር ጣቷ ወደ ማጋሪያው ሄዶ ነበር። ልጅ ጠፋ ሲባል ማን ዝም ይላል? ነገር ግን ፎቶውን ሰፋ አድርጋ ስታይ ሴትዮዋ ክንድ ላይ የሕፃን ሹራብ ተጣጥፎ ተንጠልጥሏል። ልጅ የሚሰርቅ ሰው ሹራቧንም አስታውሶ ይይዝላታል? ይህም ግምት እንደሆነ ታውቃለች። ስለዚህ ስልኳን ዘግታ አላስቀመጠችም፤ በገጿ የተዋወቀችው ሙላቴ የሚባል የይፋግ ድንች ነጋዴ ነበርና ደወለችለት።

«ሙላቴ፣ እባክህ መኪና መሳፈሪያው ድረስ ሄደህ የሆነውን በዓይንህ አይተህ ንገረኝ።»

ብዙም ሳይቆይ መልሶ ደወለ። «ወሬው ውሸት ነው። ሴትዮዋ ዙለይካ ትባላለች፤ እዚያው እናንተ ዘንድ ቅመማ ቅመም ትሸጣለች። ልጅቱ የእህቷ ልጅ ናት። እህቷ አራስ ስለሆነች ዙለይካ ትልቋን ልጅ ለጊዜው ቤቷ ልታቆያት ስትወስድ፣ ልጅቱ እናቴን ብላ አለቀሰች፣ ሰው ተሰበሰበ። አራሷ ራሷ በሰው ተደግፋ መጥታ ልጄ ናት ስትል ነው የለቀቋት። አሁን አሳፍረናታል።»

«ወዴት?»

«ወደ ደብረ ታቦር ነዋ።»

ዓይናለም ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ታሪኩ ሱቅ ገሰገሰች። የሰማችውን ሁሉ ነገረችው።

«እኔ ሰረቀች አላልኩም» አለ ታሪኩ። «ሰረቀች ተባለ ነው ያልኩት።»

«ተባለ የሚል የለበትም። ክፈትና አንብበው።»

ከፍቶ አነበበ። የለበትም። ስልኩን አስቀመጠና፣ «ዛሬ ወደ ገጼ የገባው ሰው ዓመቱን ሙሉ አልገባም፣ ዓይናለም። እስከ ማታ ልተወው፤ ማታ ማስተካከያ እጽፋለሁ» አላት።

«እስከ ማታ? ሴትዮዋ አሁን መንገድ ላይ ናት። አብሯት የተሳፈረው ሁሉ ስልክ ይዟል።»

ታሪኩ ግን አላወረደውም። ዓይናለም ፎቶውን ሳታወጣ፣ የዙለይካንም ስም ሳትጠቅስ፣ ከይፋግ የተሰራጨው ወሬ ሐሰት መሆኑን፣ እናትየዋ ራሷ መመስከሯን በገጿ ጻፈችና በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄደች።

አውቶቡሱ ሲደርስ ሁለት ጎረምሶች በሩ አጠገብ ቆመው አንዴ ስልካቸውን፣ አንዴ ወራጁን ያያሉ። ዙለይካ ልጅቱን አዝላ ስትወርድ አንደኛው ወደፊት ተራመደ። ዓይናለም ቀድማው ገባች።

«ዙለይካ፣ እንኳን ደህና ገባሽ» ብላ ጉንጯን ሳመችና ዘንቢሏን ተቀበለቻት። ዙለይካ ግራ ቢገባትም ተሳመች።

«የድንቿ ልጅ አይደለሽ እንዴ?» አለ ጎረምሳው። «ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ?»

«ልጅቱ የእህቷ ልጅ ናት። እናቷ ይፋግ አራስ ተኝታለች። ካላመንክ ዙለይካ የእናትየዋን ስልክ ቁጥር ትስጥህ፣ ደውለህ ጠይቃት።»

ጎረምሳው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ዙለይካ ቤት ገብተው ልጅቱ እንቅልፍ ሲወስዳት ዓይናለም ሐሳቧን አወጣች። «የሆነውን በራስሽ አንደበት ብትናገሪ ልቅረጽሽ። ሰው ሁሉ እውነቱን ይሰማል።»

ዙለይካ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። «እህቴ፣ ውለታሽን አልረሳም። ግን ውሸት ነው ብለሽ ብታወጪውም ፊቴ አብሮ ይወጣል። እኔ የምፈልገው ሰው ፊቴን እንዲረሳው ነው።»

ዓይናለም አፈረች። ባጃጅ ውስጥ ሆና የቪዲዮውን ርዕስ ሳይቀር አስባ ነበር፤ ስንት ሺህ ሰው እንደሚያየውም ገምታለች። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ሻይዋን ጠጣች።

በገጿ ላይ የጠበቃት ስድብ ነበር። «ተገዝታ ነው» ያላት አለ፣ «ሌባ ደባቂ» ያላት አለ። ብዙ ሰው ጥሏት ወጣ፤ ጫጩት ያዘዙም ቀሩባት። እሷ ስድቡን በስድብ አልመለሰችም። ፎቶውን ያወጡትን ገጾች እየፈለገች ለያንዳንዳቸው የሆነውን እየጻፈች አውርዱልኝ ትላለች። አንዳንዱ ያወርዳል፣ አንዳንዱ አይቶ ያልፋል።

ታሪኩን ያሸነፉት እናቱ ወይዘሮ ጌጤ ናቸው። በማግስቱ ፎቶውን ጎረቤት አሳየቻቸውና ወደ ልጃቸው ሱቅ መጡ። «እርድና ኮረሪማ የምገዛው ከዚች ልጅ ነው። በሐዘኔ ጊዜ አብራኝ የተቀመጠች ናት። አሁን ምን ብየ ደጇን እረግጣለሁ?» አሉት። ታሪኩ ያኔውኑ አወረደው። «ተሳስቻለሁ» ብሎም በራሱ ስም ጻፈ፤ ይህንን ያነበበለት ሰው ግን ጥቂት ነው። ከእናቱ ጋር ሄዶ ዙለይካን ይቅርታ ሲጠይቃት፣ «ይቅር ብየሃለሁ፤ ነገር ግን አንተ የበተንከው ነውና አንተው ልቀመው» አለችው።

ለቀመም። ክረምቱን ከዓይናለም ጋር ገጾቹን ተከፋፍለው ሲጽፉ፣ ሲለምኑ፣ እምቢ ያለውንም ለፌስቡክ ሲጠቁሙ ከረሙ። የዓይናለም ገጽ የድንች መትከያ ሲደርስ ሰው እየተመለሰለት መጣ፤ እንደ ድሮው ለመሆን ግን ጊዜ ወሰደበት። ፎቶው ከሞላ ጎደል ጠፋ። አንድ ባለቤቱ የማይታወቅ ገጽ ላይ ብቻ ቀረ፤ ማንም ሊያወርደው አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ዙለይካ ይፋግ ስትሄድ ሰው እንዳይተናኮላት የእህቷ ባል ከመኪና መውረጃው ይቀበላት ነበር። በዓመቱ ግን ልትቀበለኝ አትምጣ አለችውና ከመኪናው ወርዳ እስከ እህቷ ቤት ብቻዋን ሄደች።