ጋሽ ልየው ለጣሊያን አልተጫወቱም

ስልኩን ሦስት ጊዜ ዘግቼ ሦስት ጊዜ መልሼ ደወልኩ። ልጃቸው የምትለኝ ያንኑ ነው፦ «አርፈዋል አልኩህ እኮ!»

ባለፈው ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ሜዳ ዳር ቆመው፣ በዘጠና ምናምን ዓመታቸው፣ «አንተ ቀይ ማሊያ፣ ጀርባህን እይ እንጂ!» እያሉ ሲጮሁ ሰምቻቸዋለሁ። እንዴት ብዬ ልመን?

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ ልየው ከቡሬ ገጠር ተነሥተው አዲስ አበባ ድረስ ሄደው፣ ኳስ መተዳደሪያቸው ሆኖ ከአሥር ዓመት በላይ መሀል ተከላካይ የነበሩ ሰው ናቸው። ጨዋታ ሲያቆሙ አገራቸው ተመልሰው እኛን አሠለጠኑን።

ዛሬ ዝም ብዬ ባለቅስ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ጠዋት አንዱ እዚሁ ፌስቡክ ላይ «ለጣሊያን ይጫወት የነበረው ሽማግሌ ሞተ» ብሎ ለጠፈ። ገና ሳይቀበሩ! እንግዲያው ስማ። ከራሳቸው አፍ የሰማሁትን ነው የምነግርህ።

ፍኖተ ሰላም ገና ወጀት እየተባለች፣ ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን፣ አንድ ካፒቴን ወታደሮቹን አስከትሎ እነ ጋሽ ልየው መንደር መጣ። ለጦሩ ሥጋ የሚሆን በሬ ሊነዳ ነው የመጣው። ታላቅ ወንድማቸው አለነ «የማርስበትን በሬ አልሰጥም» ብሎ ከፊቱ ቆመ። ካፒቴኑ እዚያው አውድማው ላይ በሽጉጥ ገደለው። ሦስት ቀን ሙሉ መቅበርም ከለከለ።

እናታቸው አላለቀሱም። «ደሙ ሳይመለስ እንባ የለኝም» አሉ።

ጋሽ ልየው ያኔ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነው። አርበኞቹ ጋ ቢሄዱ «ጠመንጃህ የታለ?» ብለው መለሷቸው። ስለዚህ ቡሬ ወርደው ምሽጉ ላይ ድንጋይ ተሸካሚ ሆነው ተቀጠሩ። መንደሩ «ባንዳ» አላቸው። እናታቸው በር ዘጉባቸው፦ «የወንድምህን ገዳይ እንጀራ ልትበላ? ሂድ፣ አንተንም ቀብሬሃለሁ።»

ካፒቴኑ እሑድ እሑድ ከምሽጉ በታች ኳስ ይጫወታል። አጥቂ ነው። ሰው ሲያንሳቸው ከሠራተኛው እየመረጡ ያስገባሉ፤ እነሱ በታኬታ፣ የእኛዎቹ በባዶ እግር። ጋሽ ልየው «እኔ ልግባ» አሉ። አስተርጓሚው «የት ትጫወታለህ?» ሲላቸው «ካፒቴኑ ፊት» ብለው መለሱ።

«ተከላካይ የሆንኩት እሱ አጥቂ ስለነበረ ነው» ይሉኝ ነበር። «በረኛ ቢሆን ኖሮ አጥቂ እሆን ነበር።»

መጀመሪያ መሳቂያ አደረጋቸው። ኳሷን በእግራቸው መሀል እያሾለከ ያልፋቸዋል። እሳቸው ግን ያያሉ። በየትኛው እግሩ እንደሚነሣ፣ ኳሷን መቼ እንደሚያርቃት፣ ሲደክመው ወደየት እንደሚያዘነብል። ክረምቱ ወጥቶ በጋው ገባ። ጭራሽ ካፒቴኑ ወደዳቸው። «ብራቮ» እያለ ራሳቸውን ይዳብሳል። አለነን በገደለበት እጁ! «ያቺ መዳበስ ከጥይት ይልቅ ታቃጥለኝ ነበር» ብለውኛል።

እኔ ስሠለጥን አጥቂ ላይ ዘልዬ ስገባና ሲያልፈኝ፣ በዱላቸው ትከሻዬን ነካ አድርገው «አትቸኩል፤ ይመጣልሃል» ይሉኝ ነበር። ሰሙን ይዤ ወርቁን ሳላውቀው ስንት ዓመት ኖርኩ።

አንድ እሑድ ከደብረ ማርቆስ ትልቅ ሹም መጣ። ካፒቴኑ ሊታይ ፈለገ። ኳሷን ከመሀል ሜዳ ይዞ አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ፣ ጋሽ ልየው ፊት ደረሰ። እንደ ልማዱ ትንሽ አራቃት።

ጋሽ ልየው ኳሷን አልነኳትም።

አጥንቱ ሲሰበር ዳር የቆመው ሁሉ ሰማ። በላዩ ቆመው «በበሬው የገደልከው አለነ ትዝ ይልሃል? ወንድሙ ነኝ!» አሉት። ካፒቴኑ እየጮኸ ወደ አስተርጓሚው ዞረ። አስተርጓሚውም ያገር ልጅ ነው፤ አንዲት ቃል ሳያጎድል ተረጎመለት። ጋሽ ልየው እስኪገባው ቆመው አዩት። ከዚያ ነው የሮጡት። «ፊቱን ሳላይ ብሮጥ ኖሮ እግሩን ለምን ሰበርኩት?» ይሉ ነበር።

ገደሉን ሲወርዱ ጥይት ግራ ክንዳቸውን አገኛቸው። ጠባሳውን በጣቴ ዳስሼዋለሁ። አርበኞቹ ጋ ሲደርሱ ስለ ጠመንጃ የጠየቃቸው የለም።

እናታቸው ወሬውን ሰምተው ጫካ ድረስ መጡ። ልጃቸውን አቅፈው ለአለነ ያላለቀሱትን ያን ቀን አለቀሱት።

አገር ነጻ ሲወጣ አዲስ አበባ ገብተው በክለብ ተጫወቱ። እዚያ ከቀሩት ጣሊያኖች ቡድን ጋር ሲገናኙ አንድም ቀን እጅ አልጨበጡም። ዳኛ ገሠጻቸው፣ ክለባቸው አገዳቸው። አልጨበጡም።

አንዴ ወደ ቡሬ በአውቶብስ ስንሄድ ጠየቅኋቸው፦ «ጋሽዬ፣ የንስሐ አባትዎ ይቅር በል አላሉዎትም?»

«ብለውኛል። አለነን አስነሥተው ያምጡልኝና ይቅር እላለሁ አልኳቸው።»

«አይቆጭዎትም ታዲያ?»

«ይቆጨኛል እንጂ። ሁለት እግር ነበረው።»

አንተ የለጠፍከው ሰውዬ፣ ነገ ቀብር ላይ ና። የጻፍከውን ልጆቻቸው ፊት ቆመህ ድገመው። እኔም እዚያው ነኝ።

ጋሽዬ፣ ነገ እርስዎ ያሠለጠኑን ሁላችን በትከሻችን ተሸክመን እንሸኝዎታለን። ስለ ነፍስዎ ቄሶቹ ይጸልዩ። እኔ ያን ካፒቴን በዓይኔ አላየሁትም፣ ስሙንም አልነገሩኝም፤ ግን አልማርኩትም። እርስዎ ይረፉ። ቂሙን እኔ ይዤዋለሁ።